ድንጋይ ስለ ምን ይከበራል? በሂንዱ አምልኮና በኢትዮጵያ ልማድ

በአዲስ አበባ ከስታዲየም ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያልፍ ምእመን ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ትይዩ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ያማትባል፤ ጊዜ ያለው እንደ ሆነም ወደ ቅጽሩ ገብቶ ግድግዳውን ወይም የበሩን ደፍ ተሳልሞ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ሰው «የምትስመው ድንጋዩን ነውን?» ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ጥያቄው እንግዳ ይሆንበታል፤ ምናልባትም እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። እርሱ ደፉን የሚስመው ቤቱ ስለ ተቀደሰ ነው እንጂ ድንጋዩ ከሌላው ድንጋይ በባሕርዩ ስለ በለጠ አይደለምና።

ነገር ግን ይኸው ምእመን፣ ሂንዱዎች ከወንዝ በተለቀመ ድንጋይ ላይ ወተት ያፈሳሉ፣ አበባ ያኖራሉ፣ በፊቱም ይሰግዳሉ ሲባል የሰማ እንደ ሆነ፣ ነገሩን «ድንጋይ ማምለክ» በሚል አጭር ቃል ደምድሞ ለማለፍ አይቸገርም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ የሕንድ መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስላስተማሩ ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን ተገናኝተዋል፤ ሒሳብና ፊዚክስ ከሕንዳዊ መምህር የተማረው ኢትዮጵያዊ ግን መምህሩ በቤቱ ስለሚያከብረው ነገር እምብዛም ሳይጠይቅ ቀርቷል።

ስለዚህ ድንጋይ በሂንዱ አምልኮ ውስጥ ያለውን ስፍራ አስቀድሞ ማስረዳት፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ውስጥ ድንጋይ ከሚከበርባቸው ልማዶች ጋር አስተያይቶ መመርመር ይገባል። ማስተያየቱ የሚጠቅመው ሁለቱን አንድ ለማድረግ አይደለም፤ ድንጋይን ቅዱስ የሚያደርገው መልኩ ነው ወይስ የሰዎች ሥርዐት ነው የሚለውን ጥያቄ ለመለየት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ አገባብ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስግደትን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ለፈጣሪ ብቻ የሚገባው የአምልኮ ስግደት ነው፤ ሁለተኛው ለቅዱሳን፣ ለመስቀልና ለሥዕል የሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ነው። ጉልበቱና ግንባሩ በሁለቱም ጊዜ መሬት ይነካል፤ ተመልካች በዐይኑ ሊለያቸው አይችልም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰጋጁ ለማንና ስለ ምን እንደ ሰገደ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ሂንዱዎችም የራሳቸው መለያ ቃል አላቸው። በቤተ መቅደስ ወይም በመኖሪያ ቤት ለአምላክ የሚቀርበው የክብር አገልግሎት ሁሉ ፑጃ ይባላል። አምላክ የሚገለጥበት ምስል ወይም ቅርጽ ሙርቲ ይባላል፤ ምእመኑ ወደ ሙርቲው ቀርቦ አምላኩን ማየቱና በአምላኩ መታየቱም ዳርሻን ይባላል። በዚህ አነጋገር ሙርቲው የአምላክ ምትክ አይደለም፤ ወይም በሩቅ ያለውን የሚያሳስብ ሥዕል ብቻም አይደለም። ሰው አቅርቦ ሊያገለግለው ይችል ዘንድ አምላኩ በፈቃዱ ራሱን የሚያሳይበት ማደሪያ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ «ድንጋይ ያመልካሉ» የሚለው ቃል አማኙ ስለ ራሱ ከሚናገረው ጋር አይስማማም፤ «ድንጋዩ ምሳሌ ብቻ ነው» የሚለው የማለዘቢያ ቃልም ቢሆን እንዲሁ አይስማማም።

በራሳቸው የተገለጡ ድንጋዮች

በሂንዱ ሥርዐት የሚከበሩት ድንጋዮች በሁለት ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ የሰው እጅ ያልቀረጻቸው ናቸው፤ ስማቸውም በሳንስክሪት ስቫያምቡ፣ ማለት በራሱ የተገለጠ ይባላል። ከእነዚህ መካከል ይልቁን የታወቀው ሻሊግራም ነው።

ሻሊግራም የሚገኘው በኔፓል ከሂማላያ ተራሮች በሚወርደው በካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን ሲሰነጠቅ ወይም ውሃ ሲበላው በውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ምልክት ይታያል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ምልክቱ አሞናይት የሚባል የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው፤ እንስሳውም ሂማላያ ከመነሣቱ በፊት በዚያ ስፍራ በነበረው ባሕር ውስጥ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ነው። ሂንዱዎች ግን በዚያ ጥምዝ ውስጥ የሚያዩት ቪሽኑ የተባለው አምላክ በእጁ የሚይዘውን የመንኰራኵር መሣሪያ ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ታሪክ፣ ቪሽኑ በአንዲት ታማኝ ሴት ርግማን ድንጋይ ሆነ፤ እርስዋም ቱልሲ የምትባለው ቅጠል ሆነች ይላል። ቱልሲ ከአገራችን በሶብላ ጋር ዝምድና ያላት ሽታዋ ያማረ ተክል ናት። ስለዚህ ሻሊግራም ያለ ቱልሲ ቅጠል አይመለክም፤ ካርቲክ በሚባለው ወርም የሁለቱ ሠርግ በየቤቱ ይከበራል።

ሻሊግራም በቤት ውስጥ ይቀመጣል። በየማለዳው በውሃ ይታጠባል፤ የታጠበበትን ውሃ ቤተ ሰቡ ይጠጣል፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው በኖረ ጊዜም ከዚሁ ውሃ ከቱልሲ ጋር በአፉ ይደረግለታል። በጥንቱ ልማድ ድንጋዩ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል ወይም በስጦታ ይሰጣል እንጂ ዋጋ ተቈርጦለት አይሸጥም። ይህ ሁሉ ሲደረግ አምላክ ወደ ድንጋዩ ይገባ ዘንድ የሚጠራበት ጸሎት አያስፈልግም፤ በተፈጥሮው አድሮበታልና። ከናርማዳ ወንዝ የሚለቀሙት ሞላላ ለስላሳ ድንጋዮችም ሺቫ ለተባለው አምላክ በዚሁ ዐይነት የተቀደሱ ናቸው፤ ስማቸውም ባናሊንጋ ይባላል።

በሥርዐት የሚቀደሱ ድንጋዮች

ሁለተኛው ወገን ጠራቢ ቀርጿቸው ካህን የሚቀድሳቸው ናቸው። ጠራቢው ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ በመሮ ይመታል፤ ይገለበጣል፤ ይረገጣል። ሥራው ሲያልቅ ግን ፕራና ፕራቲሽታ የሚባል ሥርዐት ይፈጸማል፤ ትርጓሜው እስትንፋስን ማጽናት ማለት ነው። ካህናቱ ምስሉን ያጥባሉ፤ የአምላኩን ስም ጠርተው ወደ ምስሉ እንዲመጣ ይለምናሉ፤ ዐይኖቹም በልዩ ሥርዐት ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ በምስሉ ያደረው አምላክ እንደ ጌታ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል፤ ይታጠባል፤ ልብስ ይለብሳል፤ ምግብ ይቀርብለታል፤ ማታም ይሰናበታል። ምስሉ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎት ወጥቶ በወንዝ ወይም በባሕር ውስጥ ይጣላል፤ በስፍራውም ሌላ ይቆማል።

ከዚህ ከሁለተኛው ወገን በብዙ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚታየው የሺቫ ሊንጋ ነው። ሊንጋ ዐጭር ክብ ዐምድ ሲሆን መውረጃ ካለው መቀመጫ ላይ ይቆማል፤ የሚፈስስበት ውሃ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ማርና ቅቤ በዚያ መውረጃ ይወርዳል። ቃሉ በሳንስክሪት ምልክት ማለት ነው። በአንድራ ፕራዴሽ በጉዲማላም የሚገኘው እጅግ ጥንታዊ ሊንጋ የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ በግልጥ ስላለው፣ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች የሊንጋ መነሻ የመራባት ምልክት ነው ይላሉ። ብዙ አማኞች ግን ይህን አይቀበሉም። ለእነርሱ ሊንጋ ብራህማና ቪሽኑ አንዱ ላይ ወጥቶ ሌላው ታች ወርዶ ጫፉን ፈልገው ያላገኙት ወሰን የሌለው የእሳት ዐምድ ነው። አንድ ቅርጽ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ ሁለት ትርጓሜ ሊኖረው መቻሉን ማስተዋል ያሻል፤ ይህ ነገር ወደ ኢትዮጵያ ድንጋዮች ስንመለስ ይጠቅማልና።

ሂንዱዎችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ሁሉም አንድ ቃል አይናገሩም። በ12ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ሕንድ የተነሣው ባሳቫና ተከታዮቹ በቤተ መቅደስ ለተተከለ ምስል መስገድን ነቅፈው፣ እያንዳንዱ አማኝ ኢሽታሊንጋ የሚባለውን ትንሽ ሊንጋ በአንገቱ አንጠልጥሎ በመዳፉ ላይ አኑሮ እንዲጸልይ አደረጉ። በ1875 ዳያናንዳ ሳራስቫቲ የመሠረተው አርያ ሳማጅ ደግሞ ለምስል የሚደረገውን አገልግሎት ሁሉ አስወግዷል። ስለዚህ ድንጋይን ማክበር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከውጭ ሰዎች ብቻ የመጣ ሳይሆን ከሂንዱዎች መካከልም የተነሣ ነው።

መሠዊያና ታቦት በኢትዮጵያ

በሰሜን ኢትዮጵያ ለድንጋይ የሚደረገው ክብር ከክርስትና በፊት ይጀምራል። በይሐ የቆመው ታላቅ ቤተ መቅደስ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሲሆን፣ አልመቃህ ለሚባለው የሳባውያን አምላክ የተሰጠ ነበር። በ1950ዎቹ ዣን ሌክላንና አንሪ ደ ኮንታንሶን በአክሱም አጠገብ በሐውልቲና በመላዞ ቈፍረው፣ የዕጣን መሠዊያዎችንና በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሚታየውን የተቀረጸ የድንጋይ ዙፋን አገኙ። በ2007 ደግሞ በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለው ስፍራ ለአልመቃህ የቆመ ጽሑፍ ያለበት መሠዊያ ከነቤተ መቅደሱ ተገኘ፤ መሠዊያው የሚፈስሰው መሥዋዕት የሚወርድበት ቦይ የተበጀለት ነው።

ፈሳሽን በድንጋይ ላይ ማፍሰስ የሳባውያንና የሂንዱዎች ልማድ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቁሞ በላዩ ዘይት እንዳፈሰሰበት፣ ስፍራውንም ቤቴል ብሎ እንደ ጠራው በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 28 ተጽፏል። በጣና ቂርቆስ ደሴትም ራሳቸው እንደ ገበታ የተቦረቦረ የድንጋይ ዐምዶች ይታያሉ፤ የገዳሙ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ በደሴቱ በነበረችበት ዘመን ሌዋውያን የመሥዋዕቱን ደም ያኖሩባቸው ነበር ይላል። ዐምዶቹ ዛሬ መሥዋዕት አይቀርብባቸውም፤ ነገር ግን ገዳሙ ሳያጠፋቸው ጠብቆ ይዟቸዋል። የቀድሞው ሥርዐት ዕቃ በአዲሱ ሥርዐት ውስጥ እንደ ታሪክ ምስክር ሆኖ መኖሩ በዚህ ይታያል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉ የላቀው ቅዱስ ዕቃ ታቦት ነው። ታቦት ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ተጠርቦ የሚቀረጽ ጽላት ነው። ከዕብነ በረድ ቢሠራም ከእንጨት ቢሠራም ክብሩ አይለያይም፤ ክብሩን የሚሰጠው ጳጳሱ ጸልዮ ቅዱስ ሜሮን የሚቀባው ሥርዐት ነውና። ሜሮን ሳይቀባ ጽላቱ የጠራቢ ሥራ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ግን ከካህናት በቀር ማንም አይነካውም፤ በጥምቀት በዓል ሲወጣም በልብስ ተሸፍኖ ስለሚወጣ ሕዝቡ አያየውም። ቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በታቦቷ ስም ነው፤ ሕንጻው ያለ ታቦት ቤተ ክርስቲያን አይባልም።

የታቦት ሥርዐት በሂንዱ ቤተ መቅደስ ከሚፈጸመው ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ በሁለት ነገር ይለያል። የሚመሳሰለው፣ በሁለቱም ዘንድ የሰው እጅ የሠራውን ነገር ከተራ ዕቃነት የሚያወጣው በተሾመ ካህን የሚፈጸም ሥርዐት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ልዩነት፣ የሂንዱ ምስል ዐይኑ የሚከፈተው ሊያይና ሊታይ ሲሆን፣ ታቦት ግን የሚከበረው በመሸፈኑ ነው። ሁለተኛውና ታላቁ ልዩነት፣ ታቦት መሠዊያ ነው፤ ቅዱስ ቍርባን በላዩ ይሠዋበታል እንጂ ታቦቱ ራሱ መሥዋዕት አይቀርብለትም። ይህን ሳይለይ የሁለቱን ሥርዐት አንድ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ይበድላል።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው የድንጋይ ደወል ነው። በጣና ገዳማትና በሌሎችም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ያስተጋባሉ። ደወሉ አይሰገድለትም፤ ቅብዐትም የለውም። ይሁን እንጂ መነኰሳቱንና ሕዝቡን ወደ ጸሎት የሚጠራ በመሆኑ እንደ ማናቸውም ድንጋይ አይቈጠርም። እንግዲህ በአንድ ቅጽር ውስጥ እንኳ የድንጋይ ክብር ደረጃ አለው፤ ደፉ ይሳማል፤ ደወሉ ይጠራል፤ ታቦቱ ይቀደስበታል።

ለሙታንና ለትውልድ የቆሙ ድንጋዮች

በኢትዮጵያ ውስጥ በቍጥር የሚበዙት የቆሙ ድንጋዮች ግን መሠዊያዎች ሳይሆኑ የመቃብርና የመታሰቢያ ምልክቶች ናቸው። የአክሱም ሐውልቶች በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው። ታላቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ወድቆ ተሰባብሯል። ገጻቸው ፎቅ ቤት መስሎ መስኮትና በር ተቀርጾበታል፤ በሩ ግን የማይከፈት ነው። በአንዳንዶቹ ግርጌ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተቦረቦሩ ገበታ መሳይ ጕድጓዶች ስለ ሙታን ፈሳሽ መሥዋዕት ይቀርብ እንደ ነበር ያሳያሉ። ዔዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ እንዲህ ያለውን ሐውልት ማቆም ቀስ በቀስ ቀረ።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ በሶዶ ምድር የሚገኘው ጥያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉት፤ ከእነዚህ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በላያቸው ሰይፍ፣ ክብ ነገርና ቅርንጫፍ የሚመስል ምልክት ይታያል። በሥራቸው በተደረገው ቍፋሮ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች ዐፅም ተገኝቷል። ስፍራው በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሕዝቡ ግን ድንጋዮቹን የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ ድንጋዮቹ ግን ከእርሱ በፊት የቆሙ ናቸው። ያቆማቸው ሕዝብ ሥርዐት በተረሳ ጊዜ፣ ኋላ የመጣው ሕዝብ ከሚያውቀው ታላቅ ክሥተት ጋር አያይዞ አዲስ ታሪክ ሰጣቸው ማለት ነው። ሰው ትርጓሜ ከሌለው ሐውልት ጋር አብሮ ለመኖር አይወድም።

በጌዴኦ ምድር ያሉት ደግሞ እጅግ የበዙ ናቸው። በጨልባ ቱቲቲና በቱቶ ፈላ ከቆሙት ድንጋዮች ብዙዎቹ የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ አላቸው፤ ሌሎቹ የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸዋል። በ1920ዎቹ አባ አዛይስ የተባሉት ፈረንሳዊ የካፑቺን ካህን እነዚህንና ሌሎቹን የደቡብ ድንጋዮች ዞረው ካዩ በኋላ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። በቅርብ ዘመን በ2021 የታተመ ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉት ድንጋዮች እስከ 1ኛው መቶ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ሊቈጠሩ እንደሚችሉ አመልክቷል፤ ይህም አስቀድሞ ይገመት ከነበረው በአንድ ሺሕ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጌዴኦ ባህላዊ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ ሕያው ሆኖ የሚታየው የኮንሶ ልማድ ነው። ኮንሶዎች ሥልጣን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ዳጋ ሄላ የሚባለውን ድንጋይ ከካቡ ፈልጠው፣ በብዙ ሰው ኀይል ተሸክመው፣ በመንደሩ አደባባይ ያቆማሉ። በየ18 ዓመቱም ኦላሂታ የሚባለውን የትውልድ ዕንጨት ይተክላሉ። የቆሙትን የሚቈጥር ሰው የመንደሩን ዕድሜ ያውቃል፤ ልማዱ ከ400 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኮንሶ ድንጋይ አምላክ አይደለም፤ መሠዊያም አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ትውልድ ግዴታውን ፈጽሞ ለሚቀጥለው ማስረከቡን የሚመሰክር ነው። በኢያሱ መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ የቆመው ድንጋይም ለሕዝቡ ምስክር ተብሎ መጠራቱን ልብ ይሏል።

የቅርጽ መመሳሰል የሚያሳስተው እንዴት ነው?

የጌዴኦን ድንጋዮችና የሺቫን ሊንጋ ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው ለማለት ይቸኵላል። ኢትዮጵያና ሕንድ ከጥንት ጀምሮ መገናኘታቸው ደግሞ ይህን አሳብ የሚያበረታታ ይመስላል። በደብረ ዳሞ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል፤ በኩሻን ገንዘብ ላይ ደግሞ የሺቫ ምስል መታተሙ የተለመደ ነበር። በሶቆጥራ ደሴት በሆቅ ዋሻ ውስጥ የሕንድ ነጋዴዎች በብራህሚ ፊደል የጻፉት ጽሑፍ ከአክሱማውያን ጽሑፍ ጋር በአንድ ስፍራ ይገኛል። መገናኘቱ እንግዲህ የተረጋገጠ ነው።

ሆኖም ገንዘብና ሸቀጥ የተጓዘበት መንገድ ሥርዐተ አምልኮንም አብሮ አጓጕዟል ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሊንጋ በውስጠኛው ክፍል ቆሞ በየዕለቱ ይታጠባል፤ መቀመጫና የውሃ መውረጃ አለው፤ ካህን ያገለግለዋል። የጌዴኦ ድንጋዮች ግን በሜዳ ላይ በብዛት የቆሙ ናቸው፤ በቱቶ ፈላ ሮዤ ዡሶም ባደረገው ቍፋሮ በሥራቸው መቃብር ተገኝቷል፤ አንዳንዶቹም አስቀድመው በአባለ ዘር ቅርጽ ቆመው ከነበሩ በኋላ የሰው መልክ እንደ ገና ተቀርጾባቸዋል። አንዱ ለሕያው አምላክ የሚቀርብ አገልግሎት የሚፈጸምበት ነው፤ ሌላው ከሙታን ጋር የተያያዘ ነው። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው አይመሳሰልም። በሕንድ ራሷ አንዱን ቅርጽ አንዱ የመራባት ምልክት፣ ሌላው የእሳት ዐምድ ካለው፣ በባሕር ማዶ ያለውን ድንጋይ በመልኩ ብቻ መተርጐም ምን ያህል እንደሚያስት ግልጥ ነው።

ድንጋዩ ከስፍራው ሲወሰድ

ይህ ጥያቄ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ድንጋዩ ከሚያከብሩት ሰዎች እጅ በወጣ ጊዜ፣ ምንነቱን የሚወስነው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤትና በሙዚየም ይነሣል።

በሕንድ ይህ ነገር የሕግ መልክ ይዟል። በ1925 በለንደን የነበረው የንጉሡ የፍርድ ጉባኤ፣ አንድ የቤተ ሰብ ምስለ አምላክ በሕግ ፊት የራሱ መብት ያለው አካል ስለ ሆነ እንደ ተራ ንብረት ሊቈጠር አይገባም፤ ስለሚቀመጥበት ስፍራም ፈቃዱ በወኪል አማካይነት ሊሰማ ይገባል ሲል ፈረደ። በ1976 በታሚል ናዱ በፓቱር መንደር ከመሬት ውስጥ የተገኘ የሺቫ የነሐስ ምስል ተሰርቆ ለንደን በደረሰ ጊዜም፣ ምስሉ ይመለስልን ብለው በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከቀረቡት ከሳሾች መካከል በፈረሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ የቀረው የድንጋይ ሊንጋ አንዱ ነበር። በ1991 የይግባኙ ፍርድ ቤት ቤተ መቅደሱ በወኪሉ አማካይነት ሊከስ ይችላል ብሎ ስለ ፈረደ ምስሉ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ዕቃው የሰው ንብረት ነው ከሚል ሕግ ይልቅ፣ ዕቃው የራሱ ክብር ያለው ባለመብት ነው የሚለው የሂንዱዎች አሳብ በዚያ ቀን በባዕድ ችሎት ተሰምቷል።

የኢትዮጵያ ታቦታት ነገር ገና አላለቀም። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው መካከል ታቦታት ነበሩበት። ከእነዚህ አንዱ በኤዲንበራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 ተገኝቶ በ2002 ሲመለስ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታና በስግደት ተቀብሎታል። በብሪታንያ ሙዚየም ግን 11 ታቦታት ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ እነዚህን ለሕዝብ አሳይቶ አያውቅም፤ ሠራተኞቹም እንዳያዩአቸው ተለይተው በተዘጋ ስፍራ ይጠበቃሉ። የሙዚየም ሥራ ማሳየትና ማጥናት ሲሆን፣ እነዚህ ዕቃዎች ግን አይታዩም፤ አይጠኑም። ይህም ማለት ሙዚየሙ በሥራው የታቦትን ቅድስና ተቀብሎ ሳለ፣ በ1963 የወጣውን የሙዚየሙን ሕግ ጠቅሶ ታቦቱን ለባለቤቱ አይመልስም ማለት ነው። ቅድስናው የታመነ ዕቃ በመዝገብ ቍጥር ተይዞ መቅረቱ በዘመናችን ካሉት ግልጥ ተቃርኖዎች አንዱ ነው።

የአክሱም ሐውልት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ፋሺስት ኢጣልያ በ1937 ወደ ሮም የወሰደችው 24 ሜትር ያህል የሚሆን ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 ዳግመኛ ቆሟል። ይህ ሐውልት ሜሮን የተቀባ አይደለም፤ ከክርስትና በፊት በነበረው ሥርዐት የቆመ ነው። ሆኖም ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ደስታ ተቀብሎታል። በመሠረቱ የአንድ መቃብር ምልክት የነበረው ድንጋይ በመወሰዱና በመመለሱ የአንድ ሕዝብ ክብር ምልክት ሆነ። የድንጋይ ትርጓሜ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ እንዳልሆነ፣ ከታሪክ ጋር እየታደሰ እንደሚሄድ ይህ ማስረጃ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ድንጋይ በአራት ምክንያት ይከበራል። አምላክ በተፈጥሮ የተገለጠበት ነው ተብሎ ይከበራል፤ ሻሊግራም ለዚህ ምሳሌ ነው። በካህን ሥርዐት ተቀድሶ ይከበራል፤ የቤተ መቅደስ ሊንጋና የኢትዮጵያ ታቦት፣ በመካከላቸው ያለው ታላቅ ልዩነት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ ይመደባሉ። ሙታንን ስለሚያስታውስ ይከበራል፤ የአክሱም፣ የጥያና የጌዴኦ ድንጋዮች እንዲህ ናቸው። ሕያዋን የገቡትን ግዴታ ስለሚመሰክርም ይከበራል፤ የኮንሶ ዳጋ ሄላ ይህን ያሳያል። አንዱን በሌላው ሚዛን መመዘን ፍርድን ያዛባል።

ስለዚህ ወደ መስክ የሚወጣ ተማሪ የቆመ ወይም የተሸፈነ ድንጋይ ባገኘ ጊዜ፣ ቁመቱንና ስፋቱን ለክቶ መልኩን ሥሎ መመለሱ አይበቃውም። ድንጋዩን ማን አቆመው? ማን ሊነካው ይችላል፤ ማንስ አይችልም? ምን ይፈስስበታል ወይስ ምን ይሠዋበታል? ቢሰበር ወይም ቢወሰድ ሕዝቡ ምን ያደርጋል? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ሽማግሎችና ካህናት ናቸው፤ ድንጋዩ ግን ዝም ይላል። ሽማግሎቹ ሳይጠየቁ ካለፉ ድንጋዩ ቢቀርም ትርጓሜው አብሯቸው ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው እንደ ጥያ ድንጋዮች፣ ባለቤቱ ተረስቶ የማያውቀው ሰው ስም የተሰጠው ሐውልት ብቻ ነው።